ጭሱ የሚናገረው ታሪክ፦ አሮጌ የሞዴል ባቡር ዲጂታል ቺፕ ሲገባለት ለምን ያቃጥለዋል?

አንድ ሰው በ1970 የተሠራ፣ እስከ ትናንት ድረስ ደህና ሲሮጥ የነበረ የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ አለው እንበል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ዲኮደር የሚባል ቺፕ ይገዛለታል። መመሪያው እንደሚለው ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ያገናኛል። ሐዲዱ ላይ አስቀምጦ ኃይል ይለቃል። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ጭስ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ።

ሎኮሞቲቩ አልተበላሸም። ቺፑም ሲገዛ ጤነኛ ነበር። ሰውየውም መመሪያውን ተከትሏል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

መልሱ የማንም አይደለም የሚል ነው። እዚያች ሎኮሞቲቭ ውስጥ በተለያየ ዘመን፣ በተለያዩ መሐንዲሶች፣ እያንዳንዳቸው በጊዜያቸው ትክክል የነበሩ ሁለት ውሳኔዎች ተገናኙ። መጫወቻ ይመስላል እንጂ ነገሩ ትልቅ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይ አዲስ መቆጣጠሪያ መግጠም ያለበት መሐንዲስ ሁሉ፣ የፋብሪካም ሆነ የሊፍት፣ ይህችን ጭስ ያውቃታል። ሞዴል ባቡር ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነው ግን ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ስለሚያልቅና ታሪኩ በደንብ ስለሚታወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሚነዳው ሐዲዱ ነበር

ማርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1859 በጎፒንገን ከተማ ሲመሠረት ሥራው የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ ነበር። በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ በሞላ የሚሄድ ባቡር ይዞ ቀረበ። የባቡሩ ሐዲድ መጠን ደረጃ የተሰጠው ነበር፤ ማለትም ዛሬ የገዛችሁት ሐዲድ ከዓመት በኋላ ከምትገዙት ጋር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ሞላው ቀስ በቀስ ለኤሌክትሪክ ሞተር ቦታውን ለቀቀ።

ዛሬ በዓለም ላይ በጣም የተለመደው መጠን ኤችኦ ይባላል፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ይህን ለ87 አካፍሉት፤ 16.5 ሚሊሜትር ይመጣል። የኤችኦ ሐዲድ ስፋት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። በሁለት ሐዲድ የሚሠራው የተለመደው አሠራር በጣም ቀላል ነው፤ አንደኛው ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላኛው ኔጌቲቭ። ቮልቴጁ ከ0 እስከ 12 ይወጣል ይወርዳል። ብዙ ቮልት ስትሰጡ ባቡሩ ይፈጥናል፣ ስትቀንሱ ይዘገያል፣ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ስታቀያይሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። በቃ። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ከሞተርና ከአምፖል በስተቀር ምንም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ አሠራር የምትነዱት ባቡሩን ሳይሆን ሐዲዱን ነው። ሎኮሞቲቩን አንስታችሁ ፊቱን አዙራችሁ ብታስቀምጡት እንኳ ወደዚያው አቅጣጫ ነው የሚሄደው፤ ፊቱን ካዞራችሁት ደግሞ የኋሊት እየሄደ ማለት ነው። አቅጣጫው የሐዲዱ ንብረት ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደፊት ታስፈልገናለች።

ሐዲዱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው በብረት ጎማዎቹ በኩል ነው። የግራና የቀኙ ጎማ በብረት ከተገናኘ ሾርት ስለሚሆን ከሁለቱ አንዱን ከብረቱ ማግለል ግድ ነው። ያልተገለለው ጎማ ከሎኮሞቲቩ የብረት አካል፣ ከፍሬሙ ጋር ይገናኛል። አምራቾቹ ታዲያ እንዲህ አሰቡ፦ ፍሬሙ ራሱ ብረት ከሆነ ለምን ሌላ ሽቦ እንዘረጋለን? የሞተሩን አንድ ካርቦን ብሩሽ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ አሳረፉት። አንድ ሽቦ ቀረ፣ የሰው ጉልበት ቀረ፣ ዋጋም ወረደ።

የመኪና ኤሌክትሪሻን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። የመኪና ባትሪ ኔጌቲቭ ከቦዲው ጋር ይታሰርና ቦዲው ራሱ የመመለሻ ሽቦ ይሆናል። ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ሽቦ ከመሳብ አንድ ይበቃል። የአሜሪካኑ አትርን ኩባንያ በሰማያዊ ሣጥን ይሸጣቸው የነበሩት ርካሽና ጠንካራ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ከሞተሩ ሥር ያለው የብረት ቅንጥብ ፍሬሙን ተጭኖ ይቀመጣል፣ ግንኙነቱም እሱ ነው። ከነሐስ የተሠሩት ውድ የእንፋሎት ሞዴሎችም ብዙዎቹ አንዱን ሐዲድ በሎኮሞቲቩ ጎማዎች፣ ሌላውን ደግሞ ከኋላ በምትጎተተው የከሰልና የውኃ ጋሪ ጎማዎች ይወስዳሉ፤ የሎኮሞቲቩ አካልም የአንደኛው ሐዲድ ቅጥያ ይሆናል።

ይህ ስህተት አልነበረም። ለአሥርተ ዓመታት ያለ ችግር የሠራ ጥሩ ምህንድስና ነው።

ሁለት ባቡር ሲመጣስ?

የአሠራሩ ድካም የሚታየው ሁለተኛ ባቡር ስታመጡ ነው። ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ለሁሉም አንድ ነውና አንዱን ስታስኬዱ ሌላውም ይሄዳል። አንዱን ስታቆሙ ሌላውም ይቆማል።

መፍትሔው ሐዲዱን መቆራረጥ ነበር። ሐዲዱ በኤሌክትሪክ እርስ በርስ ወደማይገናኙ ክፍሎች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ስዊች ይደረግለታል። ባቡሩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ነጂው ስዊቹን እየቀያየረ ይከተለዋል። ትልቅ ክበብ ከሆነ ስዊቹ በመቶዎች ይቆጠራል፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሽቦ ደግሞ ጫካ ይሆናል።

ከዚህ ጫካ አንድ የምታውቁት ነገር ወጥቷል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ፣ ውስጥ ያለው የሞዴል ባቡር ክበብ አባላት የትኛው መቆጣጠሪያ የትኛውን የሐዲድ ክፍል እንደሚነዳ ለመወሰን የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ዕቃዎችን፣ ሪሌዎችን፣ ይጠቀሙ ነበር። በ1959 ፒተር ሳምሰን የሚባል አባል የክበቡን ቃላት መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ ሀክ እና ሀከር የሚሉት ቃላት በዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ከክበቡ አባላት ብዙዎቹ ኋላ ወደ ተቋሙ ኮምፒውተሮች ዞሩ። ዛሬ በየዜናው የምንሰማው ሀከር የሚለው ቃል አንድ እግሩ የባቡር ጠረጴዛ ሥር ነው ማለት ነው።

«ላንተ ብቻ ነው የምናገረው» የማለት ሙከራ

ችግሩን ከሥሩ መፍታት የሚቻለው ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አድርጎ፣ ትእዛዙን ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ለብቻው በመላክ ነው። ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አስትራክ የሚባል መሣሪያ አወጣ። አሠራሩ እንደ ሬዲዮ ነው፤ በሐዲዱ ላይ የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ይላካል፣ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱን ጣቢያ ብቻ ይሰማል። አምስት ሎኮሞቲቭ በተናጠል መንዳት ተቻለ። አምስት ጣቢያ ካለቀ ግን አለቀ።

በ1979 የእንግሊዙ ሆርንቢ ዜሮ ዋን የሚባለውን ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለ አራት ቢት ማይክሮፕሮሰሰር ገብቶበታል፤ ትእዛዙም ፍሪኩዌንሲ መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ሆኗል። እስከ 16 ሎኮሞቲቭ ያዛል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ማርክሊን ለሪሞት ኮንትሮል ሥራ የተዘጋጁ የሞቶሮላ ቺፖችን ወስዶ የራሱን ዲጂታል ሥርዓት ሠራ። እነዚህ ቺፖች በእያንዳንዱ የአድራሻ ቦታ ላይ ከሁለት ይልቅ ሦስት ዓይነት ምልክት ያውቃሉ። አራት ቦታ ስላለ 3 × 3 × 3 × 3 = 81 ጥምረት ይመጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ 80ው ለሎኮሞቲቭ አድራሻ ዋለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ቴክኒካዊ መሆኑ አብቅቶ ማኅበራዊ ሆነ። የአንዱ ኩባንያ ቺፕ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ከአንዱ ከገዛችሁ ዕድሜ ልካችሁን የእሱ ደንበኛ ናችሁ፤ ኩባንያው ምርቱን ካቆመ ደግሞ ባቡራችሁ ሁሉ መካን ሆኖ ይቀራል።

ያን ጊዜ ነው በ1935 በሚልዋኪ የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር አፍቃሪዎች ብሔራዊ ማኅበር፣ ኤንኤምአርኤ፣ የገባው። ይህ ማኅበር የትርፍ ሰዓት ወዳጆች ስብስብ እንጂ ኩባንያ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሥራ ቡድን አቋቁሞ በገበያው ላይ ያሉትን ሥርዓቶች መረመረ። የመረጠው ጀርመናዊው በርንድ ሌንዝ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሁለት ሐዲድ ባቡሮች የሠራውን ነበር። ሌንዝ ሥራው መሠረት እንዲሆን ፈቀደ፣ ቡድኑ አሻሻለው፣ አሰፋው፣ ከዚያም በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ሁሉም አምራች ሊሠራበት የሚችል ክፍት ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ስሙ ዲሲሲ ነው። ዛሬ የአንዱ አገር ቺፕ በሌላው አገር መቆጣጠሪያ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐዲዱ ላይ የሚሮጠው ቋንቋ

ዲሲሲ እንዴት ይናገራል? በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ቮልቴጅ በየቅጽበቱ ይገለባበጣል፤ አንዴ ግራው ፖዘቲቭ፣ አንዴ ቀኙ። መልእክቱ ያለው በግልበጣው ፍጥነት ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮሰከንድ ከፈጀ ያ ቢት 1 ነው። 100 ማይክሮሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ 0 ነው። ዲኮደሩ የሚለካው ጊዜን እንጂ የትኛው ሐዲድ ፖዘቲቭ መሆኑን አይደለም። ስለዚህ ሎኮሞቲቩን አዙራችሁ ብታስቀምጡት ግድ የለውም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይኸውና፤ በዲሲሲ አቅጣጫ የሎኮሞቲቩ ንብረት ሆነ። «ወደ ፊት» ማለት ወደ አፍንጫው ማለት ነው።

አንድ መልእክት በተከታታይ 1ዎች ይጀምራል፣ ቢያንስ 14። ይህ «ስሙኝ» እንደማለት ነው። ከዚያ የአድራሻ ባይት፣ የትእዛዝ ባይት፣ በመጨረሻም የማረጋገጫ ባይት ይከተላል። ማረጋገጫው የሚገኘው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይቶች ቢት በቢት በማነጻጸር ነው፤ ከተመሳሰሉ 0፣ ከተለያዩ 1። ለምሳሌ አድራሻው 00000011፣ ትእዛዙ 01100101 ከሆነ ማረጋገጫው 01100110 ይሆናል። በቆሸሸ ሐዲድ ምክንያት አንድ ቢት እንኳ ቢዛባ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ዲኮደሩም መልእክቱን ይጥለዋል። አንዱ መልእክት ከ6 ሚሊሰከንድ ብዙም ስለማይበልጥ በሰከንድ 150 ገደማ ይላካል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርሳል።

ዲኮደሩ መልእክቱን ሲሰማ ሁለቱን ሐዲዶች በውስጡ ወደ ቋሚ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለውጥና በትራንዚስተሮቹ አማካይነት ለሞተሩ የሚገባውን ያህል ይሰጠዋል። ዋናው ነገር ይኸ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሞተሩን የሚያዝዘው ዲኮደሩ ብቻ መሆን አለበት። በሐዲዱና በሞተሩ መካከል ሌላ መንገድ ሊኖር አይገባም።

አሁን ጭሱ ከየት እንደመጣ ገባችሁ መሰለኝ።

እያንዳንዱ ብልሽት ዕድሜ አለው

የፍሬሙ ውርስ። አሮጌው ሎኮሞቲቭ ውስጥ የሞተሩ አንድ ብሩሽ በፍሬሙ በኩል ከአንደኛው ሐዲድ ጋር እንደተገናኘ ነው። ዲኮደሩ ያንኑ ብሩሽ ወደ ኔጌቲቭ ሊያወርደው ሲሞክር ሐዲዱ በዚያው ቅጽበት ፖዘቲቭ ሆኖ ይጠብቀዋል። መቆጣጠሪያው ሊሰጥ የሚችለው ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት አምፒር በአንዲት ቅንጣት ትራንዚስተር በኩል ይፈስሳል። ጭሱ እሱ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ከቺፑ በፊት መልቲሜትር፣ ብዙዎቻችን ቴስተር የምንለው፣ ይዛችሁ የሞተሩን ሁለት ጫፎች ከማንኛውም ሌላ ሽቦ አላቅቁ። አንዱን መፈተሻ ሞተሩ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን በየተራ ጎማዎቹ ላይና ፍሬሙ ላይ አድርጉ። ቴስተሩ አንዴም መጮህ የለበትም። ከጮኸ ቅንጥቡን ቁረጡ፣ ከሞተሩ ሥር ናስትሮ ወይም ቀጭን ፕላስቲክ አንጥፉ፣ ሞተሩን የሚይዘው ብሎን ብረት ከሆነ በፕላስቲክ ብሎን ቀይሩት። ከዚያ እንደገና ፈትሹ። የላይኛውን ልባስ ካጠለቃችሁ በኋላም አንዴ ፈትሹ፤ ክፍት ሆኖ ሰላም የነበረው፣ ልባሱ ሲጫነው አንድ ሽቦ ፍሬሙን ሊነካ ይችላል።

የከረንቱ ውርስ። አሮጌ ክፍት ሞተሮች ከዛሬዎቹ ዝግ ሞተሮች ይልቅ ብዙ ከረንት ይጠጣሉ። ለኤችኦ የሚሆን የተለመደ ዲኮደር ደግሞ ያለማቋረጥ የሚችለው አንድ አምፒር ገደማ ነው። ሞተሩ ሲሮጥ የሚወስደውን ለክታችሁ «ይበቃል» አትበሉ። መለካት ያለበት ሞተሩ ተይዞ መዞር ሲያቅተው የሚወስደው ነው። 12 ቮልት ሰጥታችሁ፣ አሚሜትሩን በመስመሩ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ዘንጉን ለቅጽበት ያህል ያዙት። የምታነቡት ቁጥር ዲኮደሩ ከሚችለው በታች መሆን አለበት። ባቡሩ መታጠፊያ ላይ ተሰናክሎ ሲቆም የሚደርሰው ይኸው ነውና።

የቀለሙ ወጥመድ። ይህ በተለይ ኤሌክትሪክ የተማረውን ሰው ነው የሚጥለው። እኛ ቀይ ስናይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ስናይ ኔጌቲቭ ብለን ነው ያደግነው። በዲሲሲ ደረጃ ቀይ ማለት የቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁር ማለት የግራ ሐዲድ ነው፤ ሁለቱም በየቅጽበቱ ይገለባበጣሉ። ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ነጩ የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ መብራት ነው። ለመብራቶቹ የጋራ የሆነው ፖዘቲቭ ደግሞ ሰማያዊው ነው። መብራቱን ከሰማያዊው ይልቅ ጥቁሩ ላይ ያሰረ ሰው ግማሽ ኃይል ያለው ደብዛዛ ብርሃን ያገኛል፣ ምክንያቱን ሲፈልግም ይመሻል።

የአምፖሉ ውርስ። በድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች ውስጥ 1.5 ቮልት የምትፈልግ ጥቃቅን አምፖል ልታገኙ ትችላላችሁ። ዲኮደሩ ግን 12፣ 14 ቮልት ነው የሚሰጣት። በኤልኢዲ መቀየር ይሻላል፤ ያኔም ሬዚስተር ግዴታ ነው። 14 ቮልት ካለ፣ ኤልኢዲው 3 ከወሰደ፣ 11 ቮልት ይቀራል። 1,000 ኦም ሬዚስተር ስታስገቡበት 11 ሚሊአምፒር ይሆናል፤ ለብርሃኑ ይበቃል፣ ኤልኢዲውም ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

የቴሌቪዥኑ ውርስ። በአውሮፓ ሎኮሞቲቮች ውስጥ በሞተሩ ጫፎች ላይ የታሰሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። የሞተሩ ብሩሽ ሲፈናጠር የጎረቤትን ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንዳይረብሽ የተደረጉ ናቸው። ዘመናዊ ዲኮደር ግን ሞተሩን የሚነዳው በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እያበራ እያጠፋ ነው። በየመሀሉም ኃይሉን ለአፍታ ያቋርጥና ሞተሩ በራሱ የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ለክቶ ፍጥነቱን ያውቃል። ካፓሲተሩ ይህንን ልኬት ያዛባዋል። ባቡሩ በዝግታ ሲሄድ እየተንዘረዘረ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ካፓሲተሩን ተጠርጣሪ አድርጉት፤ የዲኮደሩ መመሪያ ከፈቀደም አውጡት።

የመሰኪያው ብልሃት። ከዲሲሲ በኋላ የተሠሩ ብዙ ሎኮሞቲቮች ስምንት እግር ያለው መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ። ይህ መሰኪያ ተገልብጦ ሊገባ ይችላል። ግን የነደፉት ሰዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ ብርቱካናማው ከግራጫው ትይዩ፣ ቀዩ ከጥቁሩ ትይዩ፣ ቢጫው ከነጩ ትይዩ፣ ሰማያዊው ከአረንጓዴው ትይዩ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ገልብጣችሁ ብትሰኩት ባቡሩ «ወደ ፊት» ስትሉት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መብራቱም አይበራም፤ ነገር ግን አይቃጠልም። ነቅሎ አዙሮ መሰካት ነው። ሰው እንደሚሳሳት አውቆ ስህተቱ ርካሽ እንዲሆን ማድረግ፣ እኔ በትምህርት ላይ ካየኋቸው የምህንድስና ምሳሌዎች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

የአራቷ ቢት ውርስ። ፍጥነት በጨመራችሁ ቁጥር የፊት መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሽቦ አትፈልጉ። በመጀመሪያው የዲሲሲ ንድፍ ለፍጥነት አራት ቢት ተመደበ። አራት ቢት 16 ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ለማቆም፣ አንዱ ለድንገተኛ ማቆሚያ ሲወጣ 14 የፍጥነት ደረጃ ይቀራል። ከጎናቸው ያለችው አንዲት ቢት መብራቱን ታዝ ነበር። ኋላ 14 ደረጃ ሲያንስ ያችን ቢት ለፍጥነት ሰጧትና 28 ደረጃ ሆነ። ቺፑ በ14፣ መቆጣጠሪያው በ28 ከተዘጋጁ፣ አንዱ «ትንሽ ጨምር» ሲል ሌላው «መብራት አብራ» ብሎ ይሰማዋል። መፍትሔው የዲኮደሩን 29ኛ የማስተካከያ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው።

የሽግግሩ ውርስ። ዲሲሲ ሲመጣ ሰው የድሮውን መቆጣጠሪያ ወዲያው እንደማይጥል ስለታወቀ፣ ዲኮደሩ ተራ ቋሚ ቮልቴጅ ሲያገኝ እንደ ድሮው እንዲሮጥ ተፈቀደለት። ይህም አንዳንዴ ያሳብደዋል፤ ሐዲዱ ላይ ለቅጽበት ሾርት ተፈጥሮ ሲለቅ ዲኮደሩ «የድሮ ሐዲድ ላይ ነኝ» ብሎ በሙሉ ፍጥነት ይነሳል። እዚያው 29ኛ ቁጥር ላይ 4 ቀንሱ። 6 ከነበረ 2 ይሁን። ፈረሱ ይገራል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ሐዲድ

ደረጃውን ያወጡት ሰዎች አንድ ሌላ ውለታ ውለዋል፤ የማስተካከያ ሐዲድ የሚባል ነገር አለ። ይህ ከዋናው የተለየ አጭር ሐዲድ ሲሆን የሚለቀው ከረንት ሆን ተብሎ የተገደበ ነው። የገጠማችሁት ላይ ሾርት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩን ለማቃጠል የሚበቃ ጉልበት ብዙ ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ አዲስ የተገጠመ ሎኮሞቲቭ መጀመሪያ የሚቀመጠው እዚህ ነው። አድራሻውን ጠይቁት። አዲስ ዲኮደር አድራሻው ባብዛኛው 3 ነው።

ዲኮደሩ እንዴት ይመልሳል? አፍ የለውም፤ ለ6 ሚሊሰከንድ ያህል ቢያንስ 60 ሚሊአምፒር ተጨማሪ ከረንት ይጠጣል፤ መቆጣጠሪያው ያንን «አዎ» ብሎ ያነበዋል። ብዙ ዲኮደሮች ያንን ከረንት የሚጠጡት ሞተሩን ለአፍታ በመቀስቀስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። መቆጣጠሪያው «ዲኮደር የለም» ሲል ዲኮደሩ ሞተ ማለት ላይሆን ይችላል። ብርቱካናማው ወይም ግራጫው ሽቦ ሶልደሩ ለቆ ከሆነ ዲኮደሩ ይሰማል፣ መመለስ ግን አይችልም። ጎማው የቆሸሸ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ቺፑን ወደ ቆሻሻ ከመጣላችሁ በፊት ጎማውን ጥረጉ፣ ሁለቱን የሞተር ሽቦዎች ፈትሹ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው። መጀመሪያ ሎኮሞቲቩ ያለ ቺፕ፣ በድሮው መቆጣጠሪያ፣ በደንብ መሮጡን አረጋግጡ፤ በሜካኒክ የታመመ ባቡር በዲጂታል አይድንም። ቀጥሎ ከረንቱን ለኩ። ቀጥሎ ሞተሩን አግልሉና በቴስተር አረጋግጡ። ከዚያ ሶልደር አድርጉ፣ የተላጠውን ሁሉ ሸፍኑ። ከዚያ ማስተካከያ ሐዲድ። ዋናው ሐዲድ መጨረሻ ነው።

የዝርዝሩን አቀማመጥ ካስተዋላችሁ ቺፑ የሚመጣው ከመሀል በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሥራዎች በሙሉ አሮጌውን ማሽን መጠየቅ ናቸው፦ ኃይል በየት ይገባሃል? በየት ይመለሳል? የትኛው ብረትህ ሽቦ ነው? አዲሱ ቺፕ መመሪያ ይዞ ይመጣል፤ አሮጌው ሎኮሞቲቭ ግን ሽቦ አድርጎ የሚጠቀምበትን ብረት የሚናገር ወረቀት የለውም። ያንን የሚናገረው ቴስተሩ ነው፣ እሱም ኃይል ከመለቀቁ በፊት ከተጠየቀ።